ሥራን የሚያፋጥነው እምነት፣ እምነትን የሚጠብቀው መዝገብ
(በአርቦዬ ከተማ በኅብረት ሥራ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








የምሥረታ በዓል በደረሰ ቁጥር ዩኒየኖች የሚያቀርቡት ሪፖርት ይታወቃል። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ስንት ኩንታል ስንዴ እንደተገዛ፣ ካፒታሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ለአባላት ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል እንደተደረገ በቁጥር ይነገራል። ይህ ተገቢ ነው። ገበሬው በገዛ ገንዘቡ ያቋቋመው ድርጅት ስለሆነ ቁጥሩን የማወቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ሪፖርት ላይ የማይገኝ አንድ ቁጥር አለ። ይኸውም አንድ አባል አንድ ነገር ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ መልስ እስካገኘበት ቀን ድረስ የሚቆጠረው የቀን ብዛት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ቁጥር ነው።

ዋግ ፊርማ አይጠብቅም

አርሲ የስንዴ አገር መሆኑ ለዚህ ጉባኤ አዲስ ዜና አይደለም። አገር አቀፉን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብረው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው ከአሰላ አጠገብ ነው። ስንዴ ዘርቶ የኖረ ገበሬ ደግሞ ሁለት ክፉ ዘመኖችን ያስታውሳል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ አምራች አካባቢዎች ተዛምቶ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ጉዳት ያደረሰበት ዘመን ነው። በወቅቱ በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ በሽታውን ሊቋቋም አልቻለም። ሁለተኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማለትም በ2006 ዓ.ም. መኸር ነበር። ብዙ ገበሬ ኩብሳን ትቶ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞሮ ሳለ፣ በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ዲገሉ የተዘራበት ማሳ አጠቃ። በአንዳንዱ ማሳ ላይ ለአጨዳ የሚሆን ነገር አልተረፈም።

ዋግ በነፋስ ይጓዛል። የሚመቸውን እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን አባዝቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ይዘምታል። ስለሆነም መድኃኒቱ የሚጠቅመው ምልክቱ እንደታየ ወዲያው ሲረጭ ነው። ግንዱ ከቆሰለና ፍሬው ከተሸበሸበ በኋላ የሚደረግ ርጭት ወጪ ከማብዛት በስተቀር ፋይዳ የለውም።

ከእነዚያ ዘመኖች ትምህርት በመውሰድ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት ከሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር በመሆን የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቷል። የመስክ አሳሾች ያዩትን በስልክ ይልካሉ፤ የነፋሱ አቅጣጫና የአየሩ ሁኔታ በኮምፒውተር ይሰላል፤ አደጋው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ቀደም ብሎ ለግብርና ባለሙያዎችና ለገበሬዎች ይነገራል። የዚህ ሁሉ ድካም ውጤት ጥቂት ቀናትን መቅደም ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ሳይንስ ያተረፋቸውን ቀናት ቢሮ ቢበላቸውስ?

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ማሰብ ይቻላል። ታሪኩ የአንድ የታወቀ ማኅበር አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ ሊደርስ የሚችል ነው። አንድ የማኅበር አባል ሰኞ ማለዳ ማሳው ውስጥ ገብቶ የስንዴውን ቅጠል በጣቱ ሲዳስስ ቢጫ ዱቄት እጁ ላይ ይቀራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዚያው ቀን መጥቶ አይቶ ‹‹ዋግ ነው፤ ቶሎ ይረጭ›› ይላል። መድኃኒቱም በዩኒየኑ መጋዘን ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይጀምራል። የመሠረታዊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ማኅተሙ ያለው ግን ጸሐፊው ዘንድ ስለሆነና እሱም ገበያ ስለሄደ ማክሰኞ ይሆናል። ቀበሌው ‹‹የማኅበሩ አባል መሆኑ ተረጋግጧል›› ብሎ ረቡዕ ይፈርማል። በወረዳ ደረጃ አንድ ባለሙያ ሐሙስ ‹‹ለሚመለከተው›› ብሎ ይመራዋል። ዓርብ ደብዳቤው ዩኒየኑ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል። የግብዓት ክፍሉ በሚቀጥለው ሰኞ ‹‹ቢሰጠው አስተያየቴ ነው›› ብሎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ያሳልፋል። ሥራ አስኪያጁ አሰላ ስብሰባ ላይ ነው። ማክሰኞ ይመለሳል፤ ይፈርማል። የንብረት ክፍሉ ወጪ ማድረጊያውን ሞዴል 22 ያዘጋጃል። ረቡዕ መጋዘኑ ይከፈታል፤ መድኃኒቱ በአህያ ተጭኖ ይሄዳል። ሐሙስ ሲረጭ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። በዚህን ጊዜ ዋጉ ከእሱ ማሳ አልፎ የጎረቤቶቹን ይዟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም፤ ሰነፍም የለም ለማለት ይቻላል። ሁሉም የታዘዘውን ፈጽሟል። ነገር ግን የፈራሚዎቹ ብዛት ሲቆጠር ሰባት ይሆናል። ከሰባቱ ውስጥ ማሳውን በዓይኑ ያየ ስንት ነው? አንድም የለም። ያየው የልማት ሠራተኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ሰኞ ዕለት ሥራውን ጨርሷል። ሌሎቹ ሰባት ሰዎች የፈረሙት ወረቀት አይተው ነው፤ እያንዳንዱም የፈረመው ከእሱ በፊት የተፈረመውን አይቶ ነው።

ፊርማው ከየት መጣ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው የፊርማውን ብዛት ከመንቀፍ በፊት ምንጩን ማወቅ ያስፈልጋል። አርሲ የልማት ሥራን ቀደም ብሎ ካወቁ የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት መቀመጫውን አሰላ ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በየአካባቢው የንግድ ማዕከሎችን ከፍቶ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያቀርብ፣ እህሉንም ይገዛ ነበር። ድርጅቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የእርሻ መሣሪያው መስፋፋት ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው እንዳፈናቀለ ይታወቃል። ሆኖም አገልግሎቱን ወደ ማሳው ማቅረቡ ትልቅ ትምህርት ትቶ አልፏል።

ቀጥሎ በመጣው የደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በብዛት ተቋቋሙ። ነገር ግን ማኅበሩ የገበሬው መሆኑ ቀርቶ የኮታ እህል መሰብሰቢያና የትእዛዝ ማስተላለፊያ ሆነ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ደግሞ በብዙ ቦታ የማኅበራት መጋዘኖችና ሱቆች ተዘረፉ። ኅብረት ሥራ እንደገና በሕግ መሠረት የቆመው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

ያን ዘመን ያዩ አባቶች መጋዘን በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን ቢጠነቀቁ አያስደንቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ስለዚህ የፊርማው ብዛት የመነጨው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው።

ችግሩ ፊርማ እየተጨመረ መሄዱ እንጂ ተቀንሶ አለማወቁ ነው። አንድ ኩንታል ሲጠፋ ‹‹ከእንግዲህ እገሌም ይፈርም›› ይባላል። ኩንታሉ ተገኝቶ ጉዳዩ ሲዘጋ ግን ፊርማው አይነሣም። እንዲህ እየሆነ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ለምን እንደተጨመረ እንኳ የማይታወስ ፊርማ ሥራውን አስሮ ይይዛል። ከዚህም የባሰው፣ ፊርማ በበዛ ቁጥር ጥበቃው እየላላ መሄዱ ነው። ንብረት ጎድሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ፈራሚ ‹‹ከእኔ በኋላ የሚፈርመው ያየዋል ብዬ ነው›› ይላል፤ የመጨረሻው ደግሞ ‹‹ከእኔ በፊት የፈረሙትን አምኜ ነው›› ይላል። የሁሉም የሆነ ኃላፊነት የማንም ሳይሆን ይቀራል። ጥፋቱን ለመያዝ የተዘረጋው ሰንሰለት ጥፋተኛው የሚደበቅበት ይሆናል።

ዕድር ያስተማረው

የዚህን መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ ስብሰባ ላይ ከተቀመጡት መካከል የዕድር አባል ያልሆነ ጥቂት ነው። በዕድር ውስጥ ሌሊት ሰው ቢሞት ምን ይደረጋል? ጡሩምባ ይነፋል፤ ዕቃ ያዡ ተቀስቅሶ በሩን ይከፍታል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ይወጣል። ሲነጋ ድንኳኑ ተተክሎ ይታያል። ለሐዘንተኛው ‹‹ሊቀ መንበሩ ነገ ስለሚመጣ ነገ ተመለስ›› የሚል የለም። ማመልከቻ የሚጠይቅም የለም።

ይህ ማለት ዕድር ለንብረቱ ግድ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ብዙ ዕድር ድንኳኑን፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን ጠብቆ ለረጅም ዓመታት ኖሯል። ምስጢሩ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለማን ምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንብ ተወስኗል፤ ሰው በሞተ ቁጥር አዲስ ውሳኔ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ቁልፉን የያዘው አንድ የታወቀ ሰው ነው፤ ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ አባሉም ያውቃል። ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲመለስ ይቆጠራል፤ የተሰበረው ብርጭቆ፣ የወጣው ገንዘብ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ይነበባል። ደንቡ ከሥራው በፊት፣ ሒሳቡ ከሥራው በኋላ፣ በመካከል ደግሞ እምነት አለ።

ወደ ዋጉ ምሳሌ ሲመለስ ይኸው ሥርዓት ሊሠራ ይችላል። ጠቅላላ ጉባኤው በበጋ፣ ሥራ ሳይበዛ፣ እንዲህ ብሎ ይወስን፤ የልማት ሠራተኛው ዋግ መሆኑን ጽፎ ከሰጠና አባሉ በመዝገብ ላይ ካለ፣ ለአንድ አባል በማሳው ስፋት ልክ የሚበቃውን መድኃኒት የመጋዘን ሠራተኛዋ በዚያው ሰዓት ወጪ አድርጋ ትስጥ። ማሳውን ያየ አንድ፣ ንብረቱን የሰጠች አንድ፣ የተቀበለ አንድ፤ ሦስት ፊርማ ይበቃል። ሦስቱም የፈረሙት ዓይናቸው ባየው፣ እጃቸው በነካው ነገር ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ የዕለቱን ወጪ ማታ ያያል፤ የቁጥጥር ኮሚቴው በፈለገው ቀን ሳይነገር መጥቶ ይቆጥራል። አሥራ አንዱ ቀን አንድ ቀን ይሆናል።

ያልታመነ ሠራተኛ

ስለ አሠራር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሠራተኛው ነው። ዩኒየኑ የሒሳብ ወይም የንብረት አያያዝ ትምህርት ያላትን ወጣት በማስታወቂያ አወዳድሮ፣ ፈትኖ፣ ዋስ አስጠርቶ ይቀጥራል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ይሰጣትና በሩን ያለፈቃድ እንዳትከፍት ይከለክላታል። ገበሬው እያየችው ተመላልሶ ሲደክም መልሷ ‹‹እኔ ምን ላድርግ? አልታዘዝኩም›› ነው። አንድ ዓመት እንዲህ ከቆየች በኋላ ማሰብ ታቆማለች፤ ወይም የተሻለ ሥራ አግኝታ ትሄዳለች። መጠበቅ የለመደች ሠራተኛ መጋዘን ውስጥ ነቀዝ ብታይ እንኳ ደብዳቤ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

በሌላው ዓለም የታየው አንድ ታሪክ ይህን ጉዳይ ግልጽ ያደርገዋል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት በተባለች ከተማ ጄኔራል ሞተርስ አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካው በጥራት ጉድለትና በሠራተኛ መቅረት የታወቀ ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር በሽርክና እንደገና ሲከፈት የተቀጠሩት አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው ነበር። የተለወጠው አሠራሩ ነው። በቀድሞው ጊዜ የመገጣጠሚያውን መስመር ማቆም ለተራ ሠራተኛ የማይታሰብ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ከራሱ በላይ ያለውን ገመድ ስቦ እርዳታ እንዲጠራ፣ ችግሩ ካልተፈታም መስመሩ እንዲቆም ሥልጣን ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካው ምርት ጥራት በኩባንያው ውስጥ ከምርጦቹ ተርታ ተሰለፈ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የጨመረው እምነቱና ለእምነቱ የተዘረጋው ሥርዓት ነበር።

የዚሁ የጃፓን ልምድ ካይዘን በሚለው ስም ኢትዮጵያ ውስጥም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተመረጡ ፋብሪካዎች ሙከራው ተጀምሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የካይዘን መሠረት ውድ መሣሪያ መግዛት አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ስለ ሥራው የሚያውቀውን እንዲናገርና እንዲያሻሽል መፍቀድ ነው።

ስም ሲለወጥና ሥራ ሲለወጥ

ከካይዘን በፊት የተሞከረ ሌላም ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ሲካሄድ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ብዙ ሰው በሚያውቀው ስሙ ቢፒአር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተግባራዊ ሆኖ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሥራን በየክፍሉ ከመቆራረጥ ይልቅ ከጠያቂው ጀምሮ እስከ መልሱ እንደ አንድ መንገድ ማየት፣ አላስፈላጊውን ደረጃ ማስወገድ፣ ባለጉዳይን በአንድ መስኮት ማስተናገድ የሚል ነው። ይህን በሚገባ የፈጸሙ መሥሪያ ቤቶች የሳምንታትን ጉዳይ በሰዓታት ለመጨረስ ችለዋል። በሌሎች ቦታዎች ግን የተለወጠው የበሩ ላይ ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ‹‹የመምሪያ ኃላፊ›› የነበረው ‹‹የሥራ ሂደት ባለቤት›› ተባለ፤ ፋይሉ ግን በዚያው በቀድሞው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይሄድ ነበር። የሥራ ሂደት ባለቤት የተባለው ሰው ለመወሰን ሥልጣን ካልተሰጠው ባለቤትነቱ የስም ብቻ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አጭር ነው። አሠራር የሚሻሻለው የውሳኔው ሥልጣን ነገሩን ወደሚያየው ሰው ሲወርድ ነው። ይህ ካልተደረገ ሥልጠናውም፣ ቅጹም፣ ኮምፒውተሩም ተጨማሪ ደረጃ ይሆናል።

የመኸር ገበያ

በመድኃኒት ላይ የተነገረው በእህል ግዥም ላይ ይሠራል። ከኅዳር እስከ ጥር ገበሬው እህሉን ሲያስገባ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሠርግ። ዩኒየኑ ከነጋዴው የተሻለ ዋጋ ቢያወጣም ክፍያው በቼክ፣ ቼኩም በፈራሚዎች መገናኘት፣ የፈራሚዎቹም መገናኘት በስብሰባ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ አባሉ እህሉን ለነጋዴው ይሰጣል። ነጋዴው የሚያሸንፈው ሁልጊዜ በዋጋ አይደለም፤ በዕለቱ ስለሚከፍል ነው። አባሉ ‹‹ማኅበሩ የእኔ ነው፤ ገንዘቡ ግን አይደርስልኝም›› ብሎ ሲናገር ተሰምቶ ከሆነ፣ ማኅበሩን የሚያፈርሰው ይህ አነጋገር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ዛሬ የባንክ ቅርንጫፎች ወደ ገጠር ከተሞች ቀርበዋል፤ ቴሌብርን የመሰሉ የስልክ ክፍያዎችም አሉ። ገንዘብ ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተከፈለ በዚያው ደቂቃ መዝገብ ይቀራል። ቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ሲሠራ የነበረው ስጋት በዚህ መጠን ከተቀነሰ፣ በስጋቱ ምክንያት የተጨመረው ፊርማም መቀነስ ነበረበት። ለግዥ ጣቢያው ሠራተኛ የዕለት የግዥ ጣሪያ ተወስኖለት፣ በዚያ ጣሪያ ውስጥ በሚዛኑና በጥራት መለኪያው መሠረት ገዝቶ ወዲያው ያስከፍል፤ ከጣሪያው በላይ ሲሆን ያስፈቅድ። ጣሪያው ስንት ይሁን የሚለውን መወሰን የጉባኤው ፋንታ ነው።

እምነት ማለት ዝም ማለት አይደለም

አንዳንድ አባላት ‹‹እንዲህ ከተለቀቀ ንብረቱ ያልቃል›› ይላሉ። ስጋታቸው ሊናቅ አይገባም። የተባለው ግን ቁጥጥር ይቅር አይደለም፤ ቁጥጥሩ ከሥራው ፊት ተነሥቶ ከሥራው ኋላ ይቁም ነው። ለዚህም የሚከተሉት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ አንድ ጉዳይ መርጦ ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእግር መከተል ነው። በየደረጃው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ምን አይቶ ይፈርማል? ያየው ነገር ከሌለ ፊርማው ይነሣ። ሁለተኛ፣ የትኛው ፊርማ እንደማይነካ መለየት ነው። ብድር መውሰድ፣ ቋሚ ንብረት መሸጥ፣ ትልቅ ግዥ መፈጸም፣ የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ በጥምር ፊርማና በኮሚቴ ውሳኔ መቀጠል አለባቸው። በትናንሹ ፊርማ የደከመ ኮሚቴ ትልቁን ሳያነብ ይፈርማል፤ ትናንሹ ሲቀነስለት ለትልቁ ጊዜ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የዕለቱን በዕለቱ መመዝገብና ለአባላት ማሳየት ነው። የመጋዘኑ ገቢና ወጪ፣ ያልተከፈለው ሒሳብ፣ የዘገየው ጉዳይ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይነበብ። የሚያነበው አባል ብዛት ከፈራሚው ብዛት ይበልጣል፤ ሊሸነግሉት የሚከብደውም እሱ ነው። አራተኛ፣ ስሕተትንና ስርቆትን መለየት ነው። በቅን ልቡና ተሳስታ አንድ ማሳ በትርፍ የለካች ሠራተኛ ትታረም፤ የሰረቀ ግን ያለ ርኅራኄ ለሕግ ይቅረብ። ሁለቱ እኩል የሚያስቀጡ ከሆነ ግን ማንኛውም አስተዋይ ሠራተኛ ራሱን ለመጠበቅ ሲል ሁሉንም ነገር ወደ ላይ ያሳልፋል። ፊርማ የሚራባው በዚህ ነው።

ለሥራ ኃላፊዎች

በመጨረሻ ለተከበራችሁ የመንግሥት የሥራ ኃላፊዎች የሚቀርብ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነጻነት ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አራተኛው ነው። የመሥሪያ ቤት ድጋፍ የሚያስፈልገው በየዕለቱ ፈቃድ ለመስጠት ሳይሆን በወቅቱ ኦዲት ለማድረግና ለማሠልጠን ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ ናቸው። ኦዲት ሲዘገይ ፊርማ ይበዛል። ሒሳቡ በየዓመቱ እንደሚመረመር የሚያውቅ ኮሚቴ ሠራተኛውን ለማመን አይፈራም፤ ሒሳቡ ለዓመታት ሳይመረመር የቆየ ኮሚቴ ግን ነገ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ የሰው ፊርማ እየሰበሰበ ራሱን ይከልላል። ስለዚህ ወቅቱን የጠበቀ አንድ የኦዲት ሪፖርት ብዙ የ‹‹ለሚመለከተው ሁሉ›› ደብዳቤዎችን ያስቀራል።

የተከበራችሁ የበዓሉ ታዳሚዎች፣

ይህ ዩኒየን ሲቋቋም መጀመሪያ የነበረው ካፒታል ብር አልነበረም። ገበሬው ከኪሱ አውጥቶ ዕጣ ሲገዛ ገንዘቡን ለማያውቃቸው ሰዎች ሰጥቷል፤ ያንን ያደረገው አምኖ ነው። አባሉ ዩኒየኑን እንዲህ ካመነው፣ ዩኒየኑ ራሱ የቀጠራትን የመጋዘን ሠራተኛ ለማመን ምክንያት አያጣም። በሚመጣው ዓመት በዓል ላይ ከኩንታሉና ከብሩ ጋር ያ ያልተነገረው ቁጥር አብሮ ቢቀርብ መልካም ነው፤ አባሉ ሰኞ ማለዳ ማሳው ላይ ዋግ ካየ በኋላ ስንተኛው ቀን ላይ መድኃኒቱ ደረሰው? ቁጥሩ ‹‹በዚያው ቀን›› የሚል ከሆነ የተቀረው ሪፖርት አጭር ቢሆንም ገበሬው አይከፋም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በኅብረት የተጀመረው ሥራ በመተማመን እንዲቀጥል ይሁን። መልካም በዓል!